ቢጫ የለበሰችው የእሳት እራት

እኔ ቀናተኛ ነኝ። ይህን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ኋላ «ለካ ቀንታ ነው» ብላችሁ እንዳትስቁብኝ። በባሌ አልቀናም፤ እሱ ምስኪን ለሌላ ሴት የሚሆን ጊዜም አቅምም የለውም። በሰው ልብስ፣ በሰው ቤትም አልቀናም። እኔ የምቀናው በስራ ነው። ተጨንቄ ተጠብቤ የምሰራውን ስራ ሌላው ሰው እየሳቀ ሲሰራው ሳይ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ይላወሳል። ያ ነገር አንድ ዓርብ ከሰዓት ምን ውስጥ እንደከተተኝ ነው የማወጋችሁ።

ስሜ መሰረት ነው፤ ሁሉም መሲ ነው የሚለኝ። በዚያን ጊዜ ሰበታ ዳር ባለ አንድ የጽጌረዳ እርሻ ውስጥ ስካውት ነበርኩ። ስካውት ማለት በግሪንሃውሱ፣ አበባው በሚበቅልበት የፕላስቲክ ቤት ውስጥ፣ እየዞረ ተባይ የሚፈልግ ሰራተኛ ነው። ቅጠል እንገለብጣለን፣ እምቡጥ እንፈለቅቃለን፣ ከሁሉም በላይ ግን ወጥመድ እንከፍታለን። ወጥመዱ እንደ ድንኳን የታጠፈ ነጭ ካርቶን ነው። መሃሉ ላይ የሴቷን የእሳት እራት ጠረን የያዘች ትንሽ ጎማ አለች፤ ወለሉ ላይ ሙጫ የተቀባ ካርድ ተነጥፏል። ወንዱ ሚስት አገኘሁ ብሎ ሲገባ እዚያው ይቀራል። እኛ ካርዱን እናወጣና የተያዘው ምን ዓይነት እንደሆነ በክንፉ ቀለምና በመጠኑ እንለያለን።

ሰው «የእሳት እራት አይደል እንዴ፣ ምን ይለየዋል?» ይለኛል። ኧረ ስንቱ! ትልቁ፣ ቡናማ ሆኖ ክንፉ ላይ ነጫጭ መስመር የተጋደመበት፣ ቅጠል በላተኛው ነው። ደልደል ያለው፣ የበሰለ ስንዴ መልክ ያለው፣ አበባውን የሚበሳው ነው። ቀጠን ረዘም ያለው ቢጫማ ደግሞ ከውጭ ከሳሩ መጥቶ የሚገባ ነው፤ ጽጌረዳ አይነካም፣ እኛም «የሳሩ ነው» ብለን እናልፈዋለን። የምንፈራው አንዱን ነው። ኤፍሲኤም እንለዋለን። ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ክንፏ ላይ ጠቆር ያለች ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ያላት ናት። የሷ ትል እምቡጡ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ከውጭ ሲያዩት አበባው ምንም አልሆነም። ባህር ማዶ ደርሶ አንድ ትል ከተገኘ ግን ጭነቱ በሙሉ ይቃጠላል፤ ገዢውም ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሳም።

እኔ በዕፅዋት ሳይንስ ዲፕሎማ አለኝ። ዲፕሎማው ግን ዓይን አልሰጠኝም። ቀለም ላይ እጠራጠራለሁ፤ ቡናማው ግራጫ፣ ግራጫው ቡናማ ይመስለኛል። ስለዚህ ሌንስ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ማስመሪያ ኪሴ ውስጥ ይዤ፣ እያንዳንዷን እራት ለክቼ ነው ስሟን የምናገረው። ዘገምተኛ ነኝ። እስከዚያን ጊዜ ድረስ ግን ተሳስቼ አላውቅም ነበር፤ ማንም ደግሞ ይህን ልብ ብሎልኝ አያውቅም።

ከዚያ ቦንቱ መጣች።

ቦንቱ የጫንጮ ልጅ ናት። አበባ ልትቆርጥ ነበር የተቀጠረችው። አንድ ቀን እኔ በሌንስ ካርድ ላይ አቀርቅሬ ስለካ በትከሻዬ በኩል አየት አደረገችና «ይቺ የሳር ናት። ያቺኛዋ ሌላ ናት፤ እኛ ቤት መብራት ሲበራ ትመጣለች፣ ቅጠል ነው የምትበላው» አለች። ቆማ ነው እኮ! መቀሷን እንደያዘች! ለካሁ። ልክ ነበረች። የምርት ማናጀራችን አቶ ፍቅሩ አጠገባችን ቆሞ ስለነበር ወዲያው ወደ ስካውት አዛወራት፤ አስተምሪያት ተብዬም የኤፍሲኤሙን ምልክት ያሳየኋት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ እርሻው ውስጥ የሚወራው «የቦንቱ ዓይን» ብቻ ሆነ። «የቦንቱ ዓይን እኮ ከሌንስ ይበልጣል!» «የቦንቱ ዓይን መድኃኒት ያስቀንስልናል!» እኔ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝን እሷ ከሻይ ሰዓት በፊት ትጨርስና ወንበር ስባ «መሲዬ ላግዝሽ?» ትለኛለች። ላግዝሽ! ይቺ ቃል እንዴት እንደምታቃጥል ያልደረሰበት አያውቃትም።

ክፉ ብትሆን ጥሩ ነበር፤ እፎይ ብዬ እጠላት ነበር። ግን ክፉ አይደለችም። ቤተሰቦቿ ጋ ደርሳ ስትመጣ እርጎ ይዛልኝ ትመጣለች። እርጎውን እጠጣለሁ፤ እየጠጣሁም እቀናለሁ። ሁልጊዜ ማታ ከስራ ስትወጣ የጨረሰቻቸውን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ትታቸው ትሄዳለች። እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ፤ እለካቸዋለሁ። አንዲት ስህተት ብቻ፣ አንዲት! ብዙ ምሽት ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ያልተሳሳተች መሆኗን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ይህም ሌላ ማቃጠያ ሆነብኝ።

አሁን ደግሞ ነገሩ ለምን የሞት ሽረት እንደሆነብኝ ልንገራችሁ። ባሌ ታሪኩ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ሱሉልታ ውሃ ፋብሪካ ይሰራል፣ እዚያው ከጓደኞቹ ጋር ተደርቦ ያድራል። ልጃችን ኤልዳና ቡራዩ እህቱ ቤት ናት፤ እኔ ሰበታ በተከራየሁባት ክፍል እሷን የሚጠብቅልኝ ሰው አልነበረም። ባል ሱሉልታ፣ ልጅ ቡራዩ፣ እናት ሰበታ። እሁድ እሁድ ታሪኩ ከጸሎት መልስ፣ እኔ ከዚህ ታክሲ ቀያይሬ ቡራዩ እንገናኝና ሲመሻሽ እንበታተናለን። አንድ እሁድ ልጄ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። እኔ እጄን ዘርግቼ እየሮጥኩ፣ እሷ አልፋኝ ወደ አክስቷ ሮጠች። «እማ!» አለቻት። እኔን «መሲ» ነው የምትለኝ፤ ሁሉም ሲሉኝ እንደሰማችው። ታክሲ ውስጥ እስከ ሰበታ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ ሄድኩ።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ኩባንያው ሱሉልታ አዲስ እርሻ ከፈተ። ለዚያ የስካውቶች ኃላፊ ያስፈልጋል፤ ለኃላፊዋ ግቢው ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይሰጣል። ባለ ሁለት ክፍል! እኔ፣ ታሪኩ፣ ኤልዳና። አቶ ፍቅሩ «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ናችሁ፤ ሰኞ አሳውቃለሁ» አለን። ቦንቱ የአካባቢው ልጅ ናት፣ ኦሮምኛውን አቀላጥፋ ትናገራለች፣ ዓይኗ የተመሰከረለት ነው። ሁሉም ሰው አስቀድሞ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይላት ነበር። እኔን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀዝቃዛው መኪና መጥቶ አበባ እየተጫነ ነው፤ ከምሽቱ አውሮፕላን ላይ መድረስ አለበት። ቦንቱ እሷ ከምትዞረው የግሪንሃውስ ክፍል፣ ከብሎክ አራት፣ ካርድ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በሩ ላይ ለቆመው ለአቶ ፍቅሩ «ሁለት ተይዘዋል፤ ሁለቱም የሳሩ ናቸው። ብሎክ አራት ንጹህ ነው» አለችው። «እሰይ!» አለና ሄደ። እሷም እጇን ልትታጠብ ወጣች።

እኔ እንደ ልማዴ ካርዱን ሳብኩት። ሁለት ቢጫማ እራቶች ናቸው፤ ሙጫው ላይ ክንፋቸው ተጣብቆ ተጨረማምቷል። በቀለም የሳሩ ናቸው፤ ማንም ሰው ያንን ይላል። ማስመሪያዬን አወጣሁ። የመጀመሪያዋ አጠረችብኝ። የሳሩ ሁልጊዜ ረዘም ይላል። ሁለተኛዋንም ለካኋት፤ እሷም አጭር፣ ጎኗም ሰፋ ያለ። ጎንበስ ስል አፍንጫዬን አንድ ሽታ ጠቅ አደረገኝ፤ የተጫረ ክብሪት ሽታ።

ሰልፈር።

እኛ ግሪንሃውስ ውስጥ ለቅጠል ሻጋታ ሰልፈር በኤሌክትሪክ ጣሳ እናተናለን። ጭሱ አጠገቡ ያገኘውን ሁሉ ቢጫ ዱቄት ያለብሰዋል። ወጥመድ ከጣሳው ርቆ ነው የሚሰቀለው። ይህኛው ግን ሰልፈር ጠጥቷል። ቦንቱ ያየችው ቢጫ የክንፍ ቀለም አልነበረም፤ የዱቄት ቀለም ነበር። ከዱቄቱ ስር ያለችውስ? በመጠኗ ከሆነ ኤፍሲኤም ናት።

እናንተ ሆዬ! እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ አይደለም፤ ደስታ ነው። ብቻዬን እዚያች ክፍል ውስጥ አፌን በእጄ ይዤ ሳቅሁ። ተሳሳተች! ቦንቱ ተሳሳተች!

ቀጥሎ የመጣልኝ ሃሳብ ግን ሌላ ነው። ምንም መናገር አይጠበቅብኝም። ካርዱ የሷ ነው፣ ብሎኩ የሷ ነው፣ «ንጹህ ነው» ያለችው እሷ ናት። መኪናው ይሂድ። ትሉ ባህር ማዶ ይገኝ። ሰኞ አቶ ፍቅሩ ራሱን ይዞ ሲመጣ ሱሉልታ የማን ነው? ባለ ሁለት ክፍሉ ቤት ቁልፍ እጄ ላይ የተቀመጠ ያህል ተሰማኝ። ካርዱን ወደ ነበረበት መለስኩትና ወደ ውጭ ወጣሁ። ታሪኩ ጋ ደወልኩ።

«ታሬ፣ ቦንቱ ተሳስታለች።»

«ማን? ቦንቱ?»

«ቦንቱ።»

ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እርግጠኛ ነሽ ግን መሲ? ቦንቱ እኮ አትሳሳትም። ደግመሽ እዪው።»

ባሌ! አንድ ቀን ለሰራተኛ በዓል መጥቶ ያያት ሰውዬ! ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። «እኔስ? እኔ ነኝ የምሳሳተው?» አልኩት።

«እንደሱ አላልኩም…»

ዘጋሁበት። እንግዲህ ቅድስት ስለሆንኩ ነው የተናገርኩት ብዬ አልዋሻችሁም። ዝም ብል መኪናው ይሄዳል፣ ሰኞ አበባው ተቃጠለ ሲባል ሰው ሁሉ «ምን አጋጥሟት ይሆን፣ ምስኪን» ይላታል እንጂ መሲ አይታው ነበር የሚል የለም። ያገኘሁትን እኔ ብቻዬን አውቄው ልቀር ነው። ይህን ሆዴ አልቻለም። ካርዱን ይዤ ወደ ማሸጊያው አዳራሽ በሩጫ ገባሁ።

አዳራሹ ሙሉ ነው። አሳሪዎቹ አበባ በገመድ እያሰሩ፣ ጫኚዎቹ ካርቶን እየገፉ፣ አቶ ፍቅሩ መሃል ላይ ቆሞ እየቆጠረ። «መኪናውን አቁሙት!» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። ሁሉም ዞረ።

«ምን ሆንሽ መሲ?»

«ብሎክ አራት ኤፍሲኤም አለበት። የቦንቱን ካርድ አይቼዋለሁ።»

ከአሳሪዎቹ መሃል አንዷ «ጀመራት ደግሞ» አለች፤ ቀስ ብላ እንኳ አይደለም። ሌላዋ ሳቀች። አቶ ፍቅሩ ካርዱን ተቀበለኝ፣ ወደ መብራቱ ያዘው፣ አየው።

«መሲ፣ ይሄ ቢጫ ነው።»

«መጠኑን ይዩት፤ ለክቼዋለሁ።»

«አየሽ» አለኝ፤ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ፤ ሰው እንዳይሰማ መሆኑ ነው፣ ግን ሁሉም ይሰማል። «የሱሉልታው ነገር ገና አልተወሰነም። ተረጋጊ። ልጅቷን በሰው ፊት ማዋረድ አያስፈልግም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያ ሁሉ ዘመን የለካሁት፣ ያልተሳሳትኩት፣ ዋጋ የለውም። እውነቱን ይዤ ቆሜ የሚታየው ቅናቴ ብቻ ነው። ደግሞ ቀንቻለሁ እኮ! ዋሻችሁ ብዬ እንኳ ልከራከር አልችልም። ማስመሪያዬን ከኪሴ አወጣሁና ጨበጥኩት።

«ቦንቱን ጥሯት» አለ አቶ ፍቅሩ፣ ነገሩን ለመጨረስ።

ቦንቱ እጇን በሽርጧ እያበሰች መጣች። «አካም? ምን ተፈጠረ?» አለች። ካርዱን ሰጣት። አየት አደረገችው፤ ያው ቆማ እንደምታየው።

«የሳሩ ናቸው» አለች።

አዳራሹ ተነፈሰ። አንዱ ጫኚ ካርቶኑን መግፋት ጀመረ። አሳሪዋ «ሰማሽ?» በሚል ዓይን አየችኝ። አቶ ፍቅሩ እጁን አጨበጨበና «በቃ፣ ወደ ስራ!» አለ። እኔ መሄድ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን እዚያው ቆምኩ።

ቦንቱ አልሄደችም። ማስመሪያውን የጨበጠውን እጄን አየች። ከዚያ ፊቴን አየች።

«መሲ፣ ምን አየሽ?» አለችኝ። እንደ ማሾፍ አልነበረም።

«አጭር ናት።»

«በስንት?»

ማስመሪያውን አሳየኋት። ካርዱን እንደገና ወደ ፊቷ አቀረበችው፤ ግንባሯ ተቋጠረ።

«ወጥመዱ የት ነበር የተሰቀለው?» አልኳት።

«ያው ከበሩ በስተግራ። ሰራተኞቹ ፕላስቲክ ሲጠግኑ አንስተውት ነበር፣ ኋላ መልሰው…» ቆመች። ካርዱን አሸተተችው። «ሰልፈሩ ጋ ሰቅለውት ነበር። እኔ ካርዱን ብቻ ነው ያወጣሁት።»

ቦንቱ ካርዱን ይዛ ወደ ክፍላችን ሮጠች፤ እኔ ተከተልኳት፤ አቶ ፍቅሩ «መኪናው እኮ…» እያለ ከኋላችን። ሙጫውን የምናለቅቅበትን ነጭ ጋዝ ከመደርደሪያ አወረድኩ። ብሩሹን ልይዝ ስል «ማሎ፣ እባክሽ፣ ለእኔ ስጪኝ» አለች። ሰጠኋት። አንዲት ጠብታ ክንፉ ላይ አስቀመጠች፤ ቀስ ብላ አሻሸችው። ቢጫው ለቆ ወደ ጎን ፈሰሰ። ከስር ግራጫ መጣ። ቀጥሎ ቡናማ። ሌንሴን ካንገቴ አውልቄ ሰጠኋት። ብዙ አየች። ከዚያ ለአቶ ፍቅሩ ሰጠችው። እሱም አየ።

ጥቁሯ ምልክት እዚያ ነበረች።

«ዱጋዳ» አለች ቦንቱ፤ እውነት ነው ማለቷ ነው። ለማን እንዳለችው አላውቅም። ሌላ አንድ ቃል ሳትጨምር ወጥታ ወደ አዳራሹ ሮጠች። ድምፅዋ እስከ እኛ ተሰማ። «አውርዱት! የብሎክ አራትን አውርዱት! ተሳስቻለሁ! መሲ ናት ልክ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት!»

ያን ሁሉ ምሽት የፈለግሁት ይሄ ነበር፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ በገዛ አፏ። ሲመጣ ግን እኔ ቆሜ ያሰብኩት ያንን አልነበረም። እኔ ብሆን ኖሮ እንዲያ ብዬ እጮህ ነበር ወይ? ነው ያልኩት። አልጮህም ነበር። በዚህም ቀናሁባት።

ብሎክ አራትን በሙሉ አወረዱት። እኔና ቦንቱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን እምቡጥ መፈልቀቅ ጀመርን። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ፤ ምንም የለም። አቶ ፍቅሩ ከጭንቅላታችን በላይ ቆሞ ላብ እያጠመቀው ነው፤ ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋል። ትል ባይገኝስ ብዬ መስጋት ስጀምር ቦንቱ እጄን ያዘችኝ። በከፈተችው ቀይ እምቡጥ መሃል ሮዝ መልክ ያለው ትንሽ ትል ራሱን ቀና አደረገ። ያቺው «ጀመራት ደግሞ» ያለችው አሳሪ «ወይኔ ጉዴ!» ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። አቶ ፍቅሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። የሌላው ብሎክ አበባ እንደገና ተፈትሾ ሄደ፤ የብሎክ አራቱ ቀረ።

መሸት ሲል እጅ መታጠቢያው ጋ ተገናኘን። የነጭ ጋዙ ሽታ አልለቅ ብሎን እንደገና እንደገና ሳሙና እንቀባለን።

«ካርዱን ለምን አየሽው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ድካሙም ንዴቱም አንድ ላይ ሆኖ እውነቱ አመለጠኝ። «ሁልጊዜ ነው የማየው። ስትወጪ አያቸዋለሁ። ስህተት ፈልጌብሽ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን ታውቂያለሽ?»

«እንደምታዪያቸው ነዋ። ለዚያ ነው ጠረጴዛ ላይ የምተዋቸው።» ውሃውን ዘጋችው። «መሲዬ፣ እኔ ምን ተምሬ ነው? ሁሉም የቦንቱ ዓይን፣ የቦንቱ ዓይን ይለኛል፤ ማንም አይፈትሸኝም። ሲያመሰግኑኝ እፈራለሁ። አቶ ፍቅሩ እንኳ አያይም፣ ‹እሰይ› ብሎ ይሄዳል። አንቺ ግን ታያለሽ። ጠዋት ስመጣና ምንም ሳትይኝ ስትቀሪ፣ ተኮሳትረሽ ብቻ ስታልፊኝ፣ ‹ተመስገን፣ ትናንት ልክ ነበርኩ› እላለሁ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ! እኔ ያን ሁሉ ጊዜ በቅናት ስቃጠል እሷ በቅናቴ ስራዋን ታስፈትሽ ኖሯል። በነፃ! ሳቄ መጣ፣ ለቅሶዬም መጣ፤ ሁለቱንም ያዝኩት። «ዛሬስ ዝም ልል ነበር» አልኳት።

«ግን አላልሽም» አለችና ሽርጧን አውልቃ ሄደች።

ሰኞ መጣ። አቶ ፍቅሩ ሁላችንንም ሰብስቦ ስለ ዓርቡ ተናገረ። እኔን አመሰገነኝ፤ አጨበጨቡልኝ። ልቤ ሱሉልታ ደርሶ ቤቱን እየጠረገ ነው። ቀጠለና «በሰው ሁሉ ፊት ተሳስቻለሁ ለማለት ግን የተለየ ልብ ይጠይቃል፤ ኃላፊ ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ስለዚህ የሱሉልታ ኃላፊ ቦንቱ ናት» አለ።

ምን? እኔ ልክ ሆኜ እሷ ተሾመች! ተሳስታ! ስህተቷ እንኳ ከእኔ ልክ መሆን በልጦ ተገኘ! እንደዚያን ዕለት ያለ ቅናት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ይዞኝ አያውቅም። ጭብጨባው ሲጀመር እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ኤልዳና የአክስቷን ቀሚስ ይዛ ዓይኔ ላይ መጣችብኝ።

ቦንቱ ግን እጇን አወጣች። «አቶ ፍቅሩ፣ ይቅርታ። ብቻዬን አልሄድም።»

«እንዴት ብቻሽን? ስካውቶች እንቀጥራለን።»

«አይደለም። መሲ ካልመጣች አልሄድም። እኔ አያለሁ፤ እሷ ደግሞ ታየኛለች። ያለሷ ከሆነ እዚሁ ልቅር።»

«መሲ ከአንቺ በታች ሆና ልትሰራ…» አለና አየኝ። ሁሉም አየኝ።

ያኔ ምን ማለት እንደነበረብኝ ዛሬም አስባለሁ። ኩራቴ «በጭራሽ!» በይ ይለኛል። ልጄ ደግሞ አለች። «ቤቱስ?» አልኩ።

ሰው ሳቀ። ቦንቱ አልሳቀችም። «እኔ ብቻዬን ነኝ፣ አንድ ክፍል ይበቃኛል፤ ባለ ሁለቱ ለመሲ ይሁን» አለች። አቶ ፍቅሩም ተስማማ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከዚህ ወዲያ «ቅናቴ ለቀቀኝ» እላችኋለሁ ብላችሁ ከጠበቃችሁ አዝናለሁ። አልለቀቀኝም። የለወጥኩት አንድ ነገር ነው፤ መደበቄን ተውኩ። ድሮ ስትወጣ ጠብቄ የማየውን ካርድ አሁን ዓይኗ እያየ እቀበላታለሁ፤ እለካለሁ፤ «በዚች ልክ ነሽ፤ ይቺን ደግመሽ እዪ» እላታለሁ። ባለፈው ዓመት ሦስት ጊዜ አስደግሜያታለሁ፤ ሁለቱን እሷ ናት ልክ የነበረችው፣ እሱንም እያቃጠለኝ ነግሬያታለሁ። ቅናት ጥሩ ነው አልላችሁም፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ይዘጋል፣ እኔ ምስክር ነኝ። ግን በሰው ስራ ከቀናችሁ፣ ስራውን ከማንም አብልጣችሁ ያያችሁት እናንተ ናችሁ ማለት ነው። ያያችሁትን ይዛችሁ ጨለማ ውስጥ አትቀመጡ። ሂዱና ለራሱ ንገሩት። የሚስቅባችሁ ሊኖር ይችላል፤ ይሳቅ።

በዚህ ሰሞን አንድ ምሽት ታሪኩ ከስራ ገብቶ፣ ኤልዳና «እማ፣ እማ» እያለች ስትጨቀጭቀኝ፣ በራችን አምፖል ላይ አንዲት ትልቅ የእሳት እራት መጥታ ግድግዳው ላይ አረፈች። ክንፏ እንደ ጥላሸት ሆኖ ዳር ዳሩ ወርቅማ ነው። ከዚህ በፊት አይቻት አላውቅም።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለ ታሪኩ።

«ቆይ፣ ሌንሴን…» ብዬ ሳልነሳ፣ «ቦንቱን ልጥራት?» አይል መሰላችሁ! ባሌ! በገዛ ደጄ!

ጎረቤት ናትና ድምፁን ሰምታ ጋቢዋን ተከናንባ መጣች። አየት አደረገቻት፤ ያው ቆማ። «ይቺ ጫንጮ ከዝናብ በኋላ የምትመጣዋ ናት፤ ሴት ናት፤ ለጽጌረዳ አታሰጋም» አለች። ታሪኩ «አላልኩሽም!» በሚል ፊት ዞረብኝ።

ቦንቱ ግን እሱን አላየችም። ወደ እኔ ዞረችና «አይደለም እንዴ መሲ?» ብላ ቆመች። ታሪኩም፣ ልጄም፣ ሦስቱም እኔን ይጠብቃሉ።

ሌንሴን አመጣሁ። ክንፏን ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር አየሁ። ገና በመጀመሪያው እይታ የጽጌረዳ ተባይ ምልክት እንደሌለባት አይቼ ቦንቱ ልክ መሆኗን አውቄያለሁ። ይሁን እንጂ ሌላም ጊዜ አየሁ፣ አሁንም አየሁ፤ ብርዱ ውስጥ ጋቢዋን እያጠበቀች ስትጠብቀኝ አቆየኋትና፣ ከዚያ «ልክ ነሽ» አልኳት።